የሊዝበን የአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ለማኅበራችሁ እንዴት ይሰናዳል?

ሰመር በመጣ ቁጥር አውሮፓ ውስጥ ያሉ ማኅበራት፣ እድሮችና የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞች «ዘንድሮ የት እንሂድ?» ይባባላሉ። የእኔ መልስ ሊዝበን ነው። ፖርቱጋልና ኢትዮጵያ ከተዋወቁ አምስት መቶ ዓመት አልፏል። የዚያ ትውውቅ ምልክት ዛሬም ከተማዋ ውስጥ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። ምግቡ ዓሣ፣ ወይራ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ነው። ፋዶ የሚባለው ሙዚቃ ደግሞ ትዝታ ሲዘፈን አንገቱን ደፍቶ ለሚያዳምጥ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ይህን የጻፍኩት ከ30 እስከ 50 ሰው ይዞ፣ አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ሊዝበን ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ለሚያሳልፍ ቡድን አስተባባሪ ነው። ሰዉ ሁሉ እዚያው ከተማ አድሯል ብዬ ልነሳ። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ለአውቶቡስ ድርጅቱና ለምግብ ቤቱ ስትልኩ ወደ እነሱ ቀይሩት። የቡድኑ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ ግን ሁለቱንም ጻፉ፤ እዚያ የተወለዱ ልጆች «3 ሰዓት» ሲባሉ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመስላቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስረግጥ። ለአንድ ቀን ሦስት ነገር ይበቃል፦ ጠዋት ቤሌም የሚባለው የወንዝ ዳር ሰፈር፣ ከዚያ የረጋ ምሳ፣ ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት አልፋማ የሚባለው የፋዶ ሰፈር። ብዙ አስተባባሪዎች «እግረ መንገዳችንን» እያሉ ከሊዝበን ውጭ ያሉትን ሲንትራን፣ ካሽካይሽን፣ አንዳንዴም ፋቲማን ይጨምራሉ። እንዲህ ከሆነ ሰው ቀኑን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጨርሰዋል። ታሪክ ቆመው ሲያዩት ነው የሚገባው፤ ፋዶም ያልደከመ ጆሮ ይፈልጋል።

1. ቀኑን ምረጡ

ሰኞን ሰርዙት። የዤሮኒሞስ ገዳምም፣ የቤሌም ግንብም፣ የፋዶ ሙዚየሙም ሰኞ ዝግ ናቸው። ቡድናችሁ ውስጥ ጾመኛ ከበዛ ረቡዕና አርብም ይወጣሉ። እሑድ ቅዳሴ አለ። የሚቀሩት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ናቸው። ፈቃድ ማውጣት የሚችል ቡድን ሐሙስን ይምረጥ፤ ቅዳሜ ቤሌም በጣም ይጨናነቃል።

ወሩንም ከአጽዋማችን ጋር አስተያዩት። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ በእነሱ ጁላይ 12። ፍልሰታ ደግሞ ኦገስት 7 ይገባል። ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጉ ለመሄድ ካሰባችሁ ክፍት የሆነው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መሃል ያለው ጊዜ ነው። ልጅ የሌለበት ቡድን ከሆነ ግን ሴፕቴምበር ይሻላል። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ሰውም ይቀንሳል። ሙስሊም አባላት ካሏችሁ ረመዳንንም ተመልከቱ።

ጁን 12 ማታ ሊዝበን የቅዱስ አንቶኒዮን በዓል ታከብራለች። አልፋማ በሰርዲን ጢስና በሕዝብ ይሞላል። ለሁለት ሰው የማይረሳ ሌሊት ነው። አውቶቡስ ይዞ ለሚመጣ ቡድን ግን አይሆንም። በማግስቱም ጁን 13 የከተማዋ በዓል ስለሆነ ገዳሙ ይዘጋል።

2. የአውቶቡሱን ውል በደንብ አንብቡ

ከሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት የሹፌሩ የሥራ ሰዓት ነው። የአውሮፓ ሕብረት ሕግ አለ። ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። በቀን መንዳት የሚችለው 9 ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 10 ይፈቀድለታል። ከተማ ውስጥ ይህ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው የዕለት ዕረፍቱ ነው፤ በመደበኛው 11 ሰዓት ሳይቋረጥ ማረፍ አለበት። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሥራ የገባ ሹፌር ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሶ መሆን አለበት፣ አውቶቡሱን ወደ ማደሪያው መመለሱን ጨምሮ። የፋዶ ራት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያመሻል።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛ፣ ከራት በፊት አጭር ፋዶ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ ገብታችሁ ቶሎ ትወጣላችሁ። ሁለተኛ፣ ለማታው ሌላ ሹፌር መጠየቅ ይቻላል፤ ዋጋ ይጨምራል። ሦስተኛ፣ አውቶቡሱን አመሻሽ ላይ አሰናብታችሁ ወደ ሆቴል በታክሲ ወይም በሜትሮ መመለስ። እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ሰዓት የሚቆጥር ሹፌር ውጭ እየጠበቀ ፋዶ መስማት አይመችም።

ውሉ ላይ እነዚህ በጽሑፍ ይኑሩ፦ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት ዋጋ፣ የፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ በማን በኩል እንደሆነ፣ ኤሲና ማይክሮፎን መኖሩ፣ ውስጥ መብላት መፈቀዱ። ማይክሮፎኑን ከመነሳታችሁ በፊት ሞክሩት። የጠዋቱ ታሪክ የሚነገረው በእሱ ነው።

አውቶቡሱ አልፋማ ውስጥ አይገባም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ አንዳንዱ ደረጃ ብቻ ነው። ወንዙ ዳር ሜዳው ላይ ያወርዳችኋል። የት እንደሚያወርድና የት እንደሚያነሳ ከሹፌሩ ጋር ካርታ ላይ ነጥብ አድርጉ፤ «እዚያ ጋ» ብቻ ተባብላችሁ አትለያዩ።

3. ስም ዝርዝርና ገንዘብ

ገንዘቡ ከጉዞው በፊት ተሰብስቦ ይለቅ። አንድ ሒሳብ ያዥ ይኑር፣ ደረሰኞቹን ሁሉ እሱ ይያዝ። አውቶቡስ ውስጥ ሳንቲም መልቀም የሁሉንም ስሜት ያበላሻል።

የስም ዝርዝሩ ላይ ከስልክ ቁጥር ሌላ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይጾማሉ ወይ? የማይስማማዎት ምግብ አለ? ደረጃና ዳገት ያስቸግርዎታል? የመጨረሻውን እናቶችና አባቶች «ኧረ እኔ ደህና ነኝ» እያሉ ይሸሹታል። ለብቻቸው ደውላችሁ በአክብሮት ጠይቋቸው። የሊዝበን መንገድ ትንንሽ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ ያንሸራትታል። ጎማ ሶል ያለው ጫማ የግድ ነው።

የጉዞ ሰነድ አስቀድማችሁ አጣሩ። እንግሊዝ የሚኖር፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዙትም የራሳቸውን ሁኔታ ቀድመው ይጠይቁ። ይህ በመጨረሻው ሳምንት የሚነሳ ጉዳይ አይደለም።

4. ጠዋት፦ ቤሌም

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ይሰብሰብ፣ 3 ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ይነሳ። ቤሌም ከመሃል ከተማው ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በወንዙ ዳር ወደ ምዕራብ። መንገዱ ለአንድ ታሪክ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ከመካከላችሁ ደህና አድርጎ የሚያወራ ሰው ምረጡና ማይክሮፎኑን ስጡት። አስጎብኚ ብትቀጥሩም ይህን ክፍል የራሳችሁ ሰው ቢነግረው ነው የሚሻለው። ጭብጡ ይኸውላችሁ።

በ1487 የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዮዋዎ ሁለተኛ ሁለት ሰዎች ላከ። በምሥራቅ በኩል አለ የሚባለውን የክርስቲያን ንጉሥ እንዲፈልጉና ስለ ቅመም ንግድ እንዲያጣሩ ነበር። አንዱ መንገድ ላይ ሞተ። ሌላው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ይባላል። ካይሮን፣ የየመኗን ኤደንንና ሕንድን ዞሮ ኢትዮጵያ ገባ። በአክብሮት ተቀበሉት፤ እንዲወጣ ግን አልፈቀዱለትም። ርስት ተሰጠው፣ ትዳር ያዘ፣ እዚያው ኖረ።

ቀጥሎ እቴጌ እሌኒ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላኩ። በ1514 ሊዝበን ደረሰ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች አጼ ልብነ ድንግል ዘንድ መጡ። ከእነሱ ጋር ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ ያየውን ጻፈ፣ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ታተመ። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሲገልጽ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ የሰጋው እሱ ነው። ከእሱ ጋር ጸጋ ዘአብ የሚባል የኢትዮጵያ መልእክተኛ በ1527 ሊዝበን ገብቶ ለዓመታት ተቀምጧል። ዛሬ አውሮፓ የምንኖር ሰዎች የዚህን ሰው ስም ብናውቀው ደስ ይለኛል።

በ1541 ክሪስቶፎር ዳ ጋማ 400 ወታደሮች ይዞ ምጽዋ ወረደ። የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። በማግስቱ ዓመት ወፍላ ላይ ተሸንፎ ተማረከና ተገደለ። በ1543 የአጼ ገላውዴዎስ ጦርና የተረፉት ፖርቱጋሎች ወይና ደጋ ላይ ሲያሸንፉ ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ወደቁ። ይህን ስትናገሩ አውቶቡሱ ውስጥ የሁለቱም ወገን ልጆች እንዳሉ አስቡ። የጦርነቱን ሐዘን እንጂ ድንፋታውን አታውሩ። መጨረሻውንም አትተዉት። በኋላ የመጡት የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን አጼ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት መለሱ፤ አገር ታመሰ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። አጼ ፋሲል ሲነግሡ አባረሯቸው።

ይህን ሰምቶ የወረደ ሰው ሐውልቱን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። መጀመሪያ ወደ ወንዙ ዳር ሂዱ፣ የአሳሾች ሐውልት ወደሚባለው። መርከብ ይመስላል። ጫፉ ላይ የፖርቱጋልን የባሕር አሰሳ ያስጀመረው ልዑል ኤንሪኬ ቆሟል፣ በሁለቱም ጎን ሌሎች ይከተሉታል፤ በጠቅላላው 33 ናቸው። መጀመሪያ በ1940 ለኤግዚቢሽን በጊዜያዊነት ተሠራ፤ በ1960 በድንጋይና በኮንክሪት እንደ አዲስ ቆመ። በምዕራቡ ጎን ፔሮ ዳ ኮቪልያ አለ። በምሥራቁ ጎን መጨረሻ ላይ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ አለ። ልጆቹን «ኢትዮጵያ የመጡትን ሁለቱን ፈልጉ» ብላችሁ ስደዷቸው። መሬቱ ላይ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የተሰጠ፣ 50 ሜትር ስፋት ያለው የኮምፓስ ሥዕል ተነጥፏል። መሃሉ ላይ የዓለም ካርታ አለ። ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ቆማችሁ የቡድን ፎቶ ተነሱ።

እዚያው ቆማችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። ከሐውልቱ ሰዎች አንዱ ዙራራ የሚባል የዜና መዋዕል ጸሐፊ ነው። በ1444 ላጎስ በምትባል የፖርቱጋል ወደብ ከአፍሪካ የመጡ ምርኮኞች ለባርነት ሲከፋፈሉ፣ እናት ከልጅ ሲለይ የሆነውን የጻፈው እሱ ነው። ልዑል ኤንሪኬ በፈረስ ላይ ሆኖ ድርሻውን እንደተቀበለም ጽፏል። አፍሪካውያን ሆነን እዚህ ሐውልት ሥር ቆመን ይህን ሳንናገር ብንሄድ ልክ አይመስለኝም።

ከዚያ መንገዱን ተሻግራችሁ ወደ ዤሮኒሞስ ገዳም። ሥራው በ1501 አካባቢ በንጉሥ ማኑኤል ዘመን ተጀመረ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከአፍሪካና ከእስያ በሚመጣው ንግድ ላይ ከተጣለ አምስት በመቶ ግብር ነው የመጣው። ድንጋዩ ላይ የመርከብ ገመድ፣ ዛጎልና የባሕር ተክል ተቀርጿል። ቤተክርስቲያኑ በነጻ ይገባል። እንደገባችሁ በስተግራ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር፣ በስተቀኝ የባለቅኔው የካሞይሽ መቃብር አለ። ቫስኮ በ1524 ሕንድ ውስጥ ሞቶ አጽሙ በኋላ ነው የመጣው። ውስጠኛው አደባባይ ግን ትኬት አለው። አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ካልገዛችሁ ሰልፉ ቀኑን ይበላዋል። የቤሌም ግንብን ከውጭ ማየት ይበቃል፤ ለቡድን ውስጡ ጠባብ ነው።

ሰውን በሁለት ክፈሉት። ግማሹ ቤተክርስቲያኑን ሲያይ ግማሹ ፓስቴል ደ ቤሌም ወደሚሸጥበት ቤት ይሂድ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ቤቱ ከገዳሙ ጥቂት እርምጃ ነው። ከ1837 ጀምሮ ይህንኑ ኬክ ይሸጣል። በ1834 ገዳማት ሲዘጉ የመነኮሳቱ አሠራር ወደ ነጋዴ እጅ እንደገባ ይነገራል። ስስ የተነባበረ ቂጣ ነው፣ መሃሉ የእንቁላል አስኳል ክሬም። ቀረፋና ስኳር ነስንሳችሁ ትኩሱን ብሉ። በር ላይ የምታዩት ረጅም ሰልፍ ይዘው ለሚሄዱ ሰዎች ነው። ውስጡ ብዙ ክፍል አለ፣ ገብታችሁ ተቀመጡ።

ቡናውም እዚሁ ይሁን። ሊዝበን ውስጥ ጥቁሩን «ቢካ» ይሉታል። ማኪያቶ የለመደ ሰው «ካፌ ፒንጋዶ» ብሎ ይዘዝ፤ ጠብታ ወተት ያለው ነው። ወተት ይብዛልኝ የሚል «ጋሮቶ» ይበል።

5. ምሳ

7 ሰዓት ላይ ተቀመጡ፣ ሁለት ሰዓት ስጡት። 40 ሰው ይዞ በር ላይ ቆሞ ቦታ መለመን የለም። ከሳምንታት በፊት ቦታ ያዙ፤ ሜኑውን ወስናችሁ በጽሑፍ ላኩ። ሁለት ዋና ምግብና አንድ የጾም ይበቃል።

እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ የአሳማ ሥጋ ነው። የፖርቱጋል ማእድ ቤት ብዙ ይጠቀምበታል። ሳንድዊች ብለው የሚያመጡት ቢፋና አሳማ ነው። ካልዶ ቬርዴ የሚባለው የጎመንና የድንች ሾርባ አረንጓዴና ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ሾሪሶ የሚባል የአሳማ ቋሊማ ቁራጭ ይጣልበታል። አለንተጆ በሚባለው አገር ስም የሚጠራ አንድ ዝነኛ ወጥ አሳማንና የባሕር ዛጎልን አንድ ላይ ያደርጋል። ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ለአይሁዱም አይሆንም። ስለዚህ ስትይዙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ሾርባው ውስጥ ሥጋ ወይም የሥጋ መረቅ አለ? ባቄላውና ሩዙ በአሳማ ስብ ነው የሚበስለው? ድንቹ የሚጠበሰው በየትኛው ዘይት ነው? መልሱን በጽሑፍ አስመልሱ።

ለማይጾመው ባካልያው እዘዙ። በጨው የደረቀ ኮድ የሚባል ዓሣ ነው። የሚገርመው ይህ ዓሣ የፖርቱጋል ባሕር ውስጥ አይደለም ያለው፤ ከሰሜኑ ቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚመጣው። ከመብሰሉ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ውኃ እየተለወጠለት ይዘፈዘፋል። ለቡድን የሚመቸው ባካልያው አ ብራሽ ነው፤ ዓሣው ተፈልፍሎ ከሽንኩርት፣ ከቀጫጭን ድንችና ከእንቁላል ጋር ይመጣል። አጥንት ስለሌለው ሕፃናትም ሽማግሎችም ይበሉታል። ሁለተኛው ምርጫ የተጠበሰ ዶሮ በፒሪ ፒሪ ነው። ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ቀላል ነው። ቃሪያና በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር ወጥተው አፍሪካና እስያ ሲዳረሱ የፖርቱጋል መርከቦች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ይህን ጠረጴዛው ላይ አንሱት፣ ጨዋታ ያመጣል።

ለጾመኛው የሽምብራ ሰላጣ፣ የተቀቀለ ድንች ከጎመን ጋር፣ የቲማቲም ሩዝ፣ ወይራና ዳቦ ማዘጋጀት አይከብዳቸውም። ቅቤ እንዳይገባ ብቻ ንገሯቸው። ፔሺኞሽ ዳ ኦርታ የሚባል የፎሶሊያ ጥብስ አላቸው፤ በሊጥ ተነክሮ ይጠበሳል። ሊጡ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንቁላል ስለሚገባ ጠይቁ።

እንደተቀመጣችሁ ዳቦ፣ ወይራና አይብ ይደረደርላችኋል። ኩቬር ይባላል። ስጦታ አይደለም፣ ይከፈልበታል። ካላዘዛችሁትና ካልነካችሁት ግን ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። ለቡድን ስትደራደሩ ኩቬሩን፣ ውኃውንና ቡናውን በአንድ ዋጋ ውስጥ አስገቡት።

6. ከምሳ በኋላ፦ አደባባዩ

አውቶቡሱ ወደ አልፋማ ሲሄድ በኮሜርሲዮ አደባባይ በኩል ያልፋል። ሩብ ሰዓት ውረዱ። እዚህ ሁለት ነገር ይነገራል።

አንዱ ኖቬምበር 1 ቀን 1755 ነው። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ሞልተው ነበር። ጠዋት መሬት ተንቀጠቀጠ። ሰው ወደ ወንዙ ዳር ሲሸሽ ማዕበል መጣ። የተረፈውን እሳት በላው። ዛሬ የምታዩት ቀጥ ያለ መንገድ የንጉሡ ሚኒስትር ማርኬሽ ደ ፖምባል ከዚያ በኋላ ያሠራው ነው።

ሌላው ኤፕሪል 25 ቀን 1974 ነው። በካፒቴን ሳልጌሮ ማያ የሚመሩ ወታደሮች ንጋት ላይ ይህን አደባባይ ያዙ። የመነሻው ምልክት በሬዲዮ የተለቀቀ ዘፈን ነበር። ሕዝቡ የወታደሮቹ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ አበባ ሰካ። በዚያው ቀን አምባገነኑ መንግሥት ወደቀ። አፍሪካ ውስጥ የነበሩት ቅኝ ግዛቶችም በዚያው ዓመትና በቀጣዩ ነጻነታቸውን አገኙ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1966 መሆኑን ስትናገሩ አባቶች ቀና ይላሉ። አገራችንም በዚያው ሰሞን በአብዮት ውስጥ ነበረች። ማይክሮፎኑን ለእነሱ ስጧቸው፤ ከማንም አስጎብኚ የተሻለ ይናገራሉ።

ከእስራኤል የመጡ ወገኖች ካሉ ከዚህ ሩብ ሰዓት በእግር ሜዳውን ሄደው ሳኦ ዶሚንጎሽ ቤተክርስቲያንን ይዩ። በ1506 በግድ ክርስቲያን የተደረጉ አይሁዶች ላይ ጭፍጨፋ የተነሳው እዚያ ነው። በር ላይ በ2008 የቆመ መታሰቢያ አለ። በዚያው ቦታ ዛሬ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች፣ በተለይ የጊኒ ቢሳዎ ልጆች፣ ቆመው ይጨዋወታሉ።

7. አልፋማና ፋዶ

ወደ 10 ሰዓት የፋዶ ሙዚየም ድረሱ። አልፋማ ግርጌ ሜዳው ላይ ስለሆነ ማንም አይደክምም። አንድ ሰዓት ይበቃል። ሙዚየሙን ከማታው ዝግጅት በፊት ማየቱ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰው ፖርቱጋልኛ ባያውቅም ማን ምን እንደሚያደርግ አውቆ ይገባል።

ለቡድኑ ይህን ንገሩ። ፋዶ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በሊዝበን ድሃ ሰፈሮች ውስጥ አደገ፣ በመርከበኞችና በመሸታ ቤቶች መሃል። የመጀመሪያዋ ዝነኛ ዘፋኝ ማሪያ ሴቬራ ናት። በ1846 ገና በ26 ዓመቷ ሞተች። ሴቶቹ እስከ ዛሬ የሚደርቡት ጥቁር ነጠላ የእሷ መታሰቢያ ነው ይባላል። አማልያ ሮድሪጌሽ ደግሞ ከ1920 እስከ 1999 ኖረች። ስትሞት መንግሥት ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ አሁን አጽሟ ከዚያው ሰፈር በላይ በብሔራዊው ፓንቴዮን አርፏል። ዩኔስኮ ፋዶን በ2011 መዘገበ። የሚያጅቡት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። አንዱ 12 ክር ያለው፣ ሆዱ የእንባ ጠብታ የመሰለው የፖርቱጋል ጊታር ነው፤ ከዘፋኙ ጋር እየተመላለሰ ያወራል። ሌላው ተራው ጊታር ነው፣ ምቱን ይይዛል።

ከሙዚየሙ በኋላ መራመድ የሚችሉት ከአንድ መሪ ጋር ወደ ላይ ይውጡ። ሳንታ ሉዚያ ከሚባለው ሰገነት ወንዙና ጣሪያዎቹ ይታያሉ። ለእናቶችና ለአባቶች ሦስት እግር ባጃጅ የመሰለ ቱክቱክ አለ፤ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ። መራመድ የማይፈልግ እታች ቡና ይጠጣ። ከሙዚየሙ አጠገብ ሻፋሪዝ ደል ሬይ የሚባል ጥንታዊ የውኃ ምንጭ አለ። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን የተሣለ አንድ ሥዕል ይህን ቦታ ያሳያል። ውስጡ ብዙ ጥቁር ሰዎች አሉ፤ ውኃ ቀጂዎች፣ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ በፈረስ የተቀመጠ አንድ ባለማዕረግም ጭምር። ሥዕሉን ስልክ ላይ አውጥታችሁ እዚያው ቦታ ላይ አሳዩ።

አሁን ወደ ፋዶ ቤቱ። አብዛኞቹ ቤቶች ትንሽ ናቸው፤ 40 ሰው አንድ ላይ አይዙም። ሁለት ቤት ተከፍሎ መግባት አንድ ትልቅ አዳራሽ ከመያዝ ይሻላል እላለሁ። ፋዶ ከዘፋኙ ሁለት ሜትር ርቆ ሲሰማ ነው ፋዶ የሚሆነው። ስትይዙ ስንት ዘፋኝ እንዳለ፣ ራት የግድ መሆኑን፣ ዝቅተኛው ሒሳብ ስንት እንደሆነ፣ ለጾመኛ ምን እንዳላቸው ጠይቁ። ዘፋኝ በተራ ይወጣል፣ ጥቂት ዘፈን ዘፍኖ ያርፋል። ምግቡ የሚቀርበው በዕረፍቱ ነው።

ሥነ ሥርዓቱን ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ አስረዱ። መብራቱ ሲቀንስ ወሬ ይቆማል። ሹካም ይቀመጣል። አስተናጋጁ ራሱ ባለበት ይቆማል። በዘፈኑ መሃል አይገባም፣ አይወጣም፣ ፍላሽ አይበራም። እንደኛ አብሮ ማጨብጨብና እስክስታ እዚህ የለም። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን በደንብ አጨብጭቡ። ሕፃን ልጅ የያዙ ወላጆች በሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ ወይም ያንን ሰዓት ከሌሎች ጋር ውጭ ያሳልፉ። ዘፋኟ ስትጨርስ በየጠረጴዛው ብትዞርና ሲዲ ብታሳይ አትገረሙ። የምትችሉ ግዙ፤ ብዙዎቹ በዚያ ነው የሚኖሩት።

8. መመለሻ

አውቶቡሱን 12 ሰዓት ላይ አሰናብቱት። ሹፌሩ ሲሄድ ወንበር ሥር የቀረ ዕቃ እንዳለ አንድ ሰው ከኋላ እስከ ፊት ይፈትሽ። ትርፍ ሰዓት ካለ እዚያው ቆማችሁ ከሹፌሩ ጋር ሰዓቱን ጽፋችሁ ፈርሙ። ነገ በስልክ ከመከራከር ያድናል። ጉርሻውን ከሒሳብ ያዡ እጅ በፖስታ ስጡት።

ማታ ከፋዶ ቤት ስትወጡ ሰው አንድ ላይ አይበተን። አራት አራት ሆናችሁ ታክሲ ያዙ፤ በየታክሲው ፖርቱጋልኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ሰው ይኑር። የሆቴሉን አድራሻ በወረቀት ጽፋችሁ ለሁሉም አድሉ። ስልክ ማታ ላይ ባትሪ ይጨርሳል። ሆቴል የደረሰ ቡድን ግሩፑ ላይ «ደርሰናል» ብሎ ይጻፍ። አስተባባሪው ሁሉም እስኪጽፍ አይተኛ።